«ተቺ-ፊሊ» እና «ሃንድዚ»፦ የቱን ለማን?

ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አዲስ የሚገቡ ያገር ልጆች የእንግሊዝኛ ጥያቄያቸውን ለእኔ ያመጡታል። ከሁሉም የሚያምታታቸው የመነካካት ነገር ነው።

ሲያወራ ትከሻ የሚይዝ፣ ሲስቅ ክንድ ቸብ የሚያደርግ፣ ሲሰናበት ደጋግሞ የሚያቅፍ ሰው «ተቺ-ፊሊ» ይባላል። እኛ ዘንድ ይሄ ተራ ጨዋታ ነው። ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማን ዞር ብሎ ያያል? እዚህ ግን ስም ወጥቶለታል። ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ትንሽ ሹፈት ግን አያጣውም። ስለዚህ ብዙም ለማትቀርቡት ሰው ፊት ለፊት አትበሉት። ስለ ራስ ሲሆን ጥሩ መከላከያ ነው። መተቃቀፍ ካልተመቻችሁ ፈገግ ብላችሁ «አይም ኖት ኤ ተቺ-ፊሊ ፐርሰን» በሉ።

ቃሉ መነካካት በሌለበትም ይሠራል። የስታንፎርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስለ ሰዎች መግባባት የሚያስተምረው አንድ ታዋቂ ኮርስ አለ። ተማሪዎቹ «ተቺ ፊሊ» ነው የሚሉት። እዚያ የሚለማመዱት ስሜታቸውን በግልጽ መናገር ነው።

«ፊሊ»ን ከጣላችሁት ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ሺ ኢዝ ተቺ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይከፋታል ማለት ነው። «ኤ ተቺ ሰብጀክት» ደግሞ በጥንቃቄ የሚነሳ ጉዳይ ነው፦ ደሞዝ፣ ፖለቲካ፣ የሰው ትዳር።

ጣጣ ያለው «ሃንድዚ» ላይ ነው። እጁን መሰብሰብ ያቃተው፣ ሳይፈቀድለት የሚነካካ፣ ብዙ ጊዜም ሐሳቡ ሌላ የሆነ ሰው ነው። «ሂ ጎት ሃንድዚ ዊዝ ሚ» ካላችሁ ከሳችሁታል። ማቀፍ የሚወድ የዋህ ባልደረባችሁን በቀልድ እንዲህ ብትሉት ስሙን አጠፋችሁ። በተቃራኒው እንግዳም ይሁን አለቃ ወገባችሁን ይዞ አልለቅ ካለ፣ «ተቺ-ፊሊ ነው» ብላችሁ አታቅልሉለት። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ይሉኝታችን ሁሌ ለስላሳውን ቃል ያስመርጠናል።

ለኃላፊ በጽሑፍ ስታመለክቱ ሁለቱንም ተዉአቸው። የመንገድ ቃላት ናቸው። ያደረገውን ብቻ ጻፉ፦ «ሂ ተችድ ማይ ዌይስት። አይ ቶልድ ሂም ቱ ስቶፕ።» (ወገቤን ነካኝ። እንዲያቆም ነገርኩት።) ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጨምሩበት። ያየ ሰው ካለም ስሙን አስገቡ። አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር።