«ጨዋ ነው» የተባለው ልጅ

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) መምህርት ነኝ። የሚያስቸግረውን ልጅ ማንም ያየዋል። የሚያመልጠን ዝም የሚለው ነው፤ «ጨዋ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

አንዱን እኔም ወር ሙሉ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። ልጆቹ ወደ መስኮት ሲሮጡ እሱ ዴስክ ስር ገባ። አላለቀሰም። ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ደብተር ያዙና ሁለት ሳምንት ጻፉ። ከማን ጋር ይጫወታል? ምሳውን ይጨርሳል? ሲጠሩት ይዞራል? ካልዞረ ጆሮውን አስመርምሩ። መግል የሚወጣው ጆሮ ስንቱን ልጅ «ፈዛዛ» አሰኝቷል!

ቀጥሎ እናትየዋ። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። ኤስዲኪው (SDQ) የሚባለውን፣ ስለ ልጅ ስሜትና ጠባይ የሚጠይቅ ባለ 25 ጥያቄ ቅጽ ይዤ ሄጄ እንደ ሕዝብ ቆጣሪ አነበነብኩላት። ለሁሉም «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ቅጹ ጥፋት የለበትም። ስሜትን፣ ጠባይን፣ መቅበጥበጥን፣ ጓደኝነትን፣ ደግነትንም ይጠይቃል። ውጤቱ ግን የበሽታ ስም አይሰጥም፤ «ቀረብ ብላችሁ እዩ» ነው የሚለው።

በሌላ ቀን ለቡና ተቀመጥኩ። አቦሉ በዝናብ ወሬ አለቀ፣ ቶናው በጤፍ ዋጋ። በረካ ላይ «ሌሊትስ እንዴት ነው?» አልኳት። ስኒዋን አስቀመጠች። «እየጮኸ ይነሳል። እኔም እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ።» ስለዚህ እሷንም ጠይቁ፤ «አብሽሪ» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ዱዓውንም ጠበሉንም አትከልክሉ፣ ጎን ለጎን ይሂድ።

ከዚያ ጨዋታ። ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ 1 ሰዓት ቤታቸው እየሄዱ እናቶችን ልጅ ማጫወት አለማመዱ፣ 2 ዓመት ሙሉ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ የማጫወት ልምምዱ ካልደረሳቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። የጃማይካዎቹ ልጆች ሲጀመር 2 ዓመት አልሞላቸውም፣ የኔው ስድስት ሞልቶታል። ተአምር አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቆርኪ በሃይላንድ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። (ታናሽ ካለ ክዳኑን አጥብቁ፣ ቆርኪውን ይውጠዋል።) ኩኩሉ እንጫወታለን። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ «ኩኩሉ» እላለሁ፤ «አልነጋም» የምትለው እናቱ ናት። በስድስተኛው ቅዳሜ ከጎተራው ኋላ አንዲት ቀጭን «አልነጋም» ሰማሁ። የዚያን ሌሊት ግን እንደገና እየጮኸ ተነሳ። እንዲህ ነው፣ ወደፊትም ወደኋላም ይላል።

የሚያወራውን ካቆመ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ራሱን ከጎዳ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ይጨነቃል» ብቻ አትበሉ። «በሳምንት 4 ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፣ ድምፅ ሲሰማ ዴስክ ስር ይገባል» ብላችሁ ጻፉ። ደብተሩንም ለእናትየዋ ስጧት፣ ይዛው ትግባ።