በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ የሚቀረው የራስጌ ሰዓት

ራስጌዬ የማስቀምጠው ባለ ማንቂያ ሬዲዮ ሰዓት ሥራ አስረፈደኝ። ማታ አስተካክዬው ለ8 ሰዓት ያህል ተኝቼ ስነሳ 80 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል።

መጀመሪያ ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ ባለ 9 ቮልቱን ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀን ላይ ከስልኬ ጋር ሳስተያየው ግን በየሰዓቱ ልክ 10 ደቂቃ ይጎድላል። ፍንጩ እዚህ ላይ ነበር፤ የተበላሸ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በእኩል መጠን አይሳሳትም።

ሶኬት ላይ የሚሰኩ ብዙ ሰዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከኤሌክትሪኩ ሞገድ ነው። ለ60 ኸርዝ (ማለትም ሞገዱ በሰከንድ 60 ዙር ለሚመላለስበት መስመር) የተሠራው 60 ዙር ሲቆጥር አንድ ሰከንድ አለፈ ይላል። መስመሩ 50 ኸርዝ ከሆነ ያን 60 ዙር ለመሙላት 1.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቆጥረው 50 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

የእኔው ባትሪ ማስገቢያው ውስጥ 50 እና 60 የሚል ትንሽ ማብሪያ መሰል ነገር ነበረው። ከሶኬት ነቅዬ ወደ 50 ገፋሁት። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ዝንፍ አላለም! እንዲህ ያለ መቀየሪያ ከሌለው ትራንስፎርመር አትግዙለት፤ ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ በራሱ ኳርትዝ (ውስጡ ባለ፣ በእኩል ፍጥነት በሚንቀጠቀጥ ትንሽ ክሪስታል) የሚቆጥረውን ብትመርጡ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ብቻ ማንቂያው ይጮህ እንደሆነም ሳትጠይቁ አትውጡ፤ አንዳንዱ ሰዓቱን ይዞ ይቆያል እንጂ አይጮህም።