ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

የቢሮ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ፣ ወረቀቱ ራሱ እምብዛም ጉዳት አያደርስም። ማሽኑን የሚሰብረው ለማውጣት የሚጣደፍ እጅ ነው። የማወራው ስለ ሌዘር ፕሪንተር ነው፤ በየቢሮው የሚበዛው እሱ ነውና።

ጫፉን ይዞ መንጨት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ወረቀት ከትሬዩ (ከወረቀት መሳቢያው) ተነስቶ በሮለሮች (በሚሽከረከሩ ዘንጎች) መሀል እያለፈ ወደ መውጫው ይሄዳል። ሲያዝም በተቻለ መጠን በዚያው በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በሁለት እጅ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በአንድ እጅ ከነጨታችሁት ይቀደዳል። የቀረችው ቁራጭ የጥፍር ያህል እንኳ ብትሆን፣ ወረቀት መኖሩን የሚለየው ሴንሰር ላይ ካረፈች ፕሪንተሩ «ወረቀት ይዣለሁ» ማለቱን አይተውም። ስለዚህ የተቀደደውን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሙት። ከጎደለ ቀሪው ውስጥ ነው። ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱን የያዘውን ዕቃ) አውጥታችሁ ስሩን እዩ፣ የኋላውንም በር ክፈቱ። ያወጣችሁትን ቶነር ጨርቅ አልብሱት፤ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ድራም ብርሃን አይወድም። መቀስና ቢላዋ ግን አታስገቡ። ሮለር አንዴ ከተጫረ በየገጹ ላይ ምልክት ይተዋል።

ሳያቀዘቅዙ እጅ መክተት። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ፊውዘር ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። አጥፉትና ቀዝቀዝ ይበል። ፊውዘሩ ጋ ሳይደርስ የቆመ ወረቀት ደግሞ ቀለሙ ገና ዱቄት ነው። ልብስ ላይ ከተራገፈ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

በአንድ ፊቱ የታተመ ወረቀት መልሶ መጫን። ቁጠባው ይገባኛል፣ የወረቀት ዋጋ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንዴ በሙቀት ያለፈ ወረቀት ይጠቀለላል። ስቴፕል ተረስቶበት ከሆነማ አንዷ ሽቦ ድራሙን ልትጭር ትችላለች። ጀርባውን በእጅ ለመጻፊያ አድርጉት።

ወረቀትን ሲሚንቶ ወለል ላይ መደርደር። ክረምት ሲገባ ፕሪንተሩ «ያመመው» የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እርጥበት የሳበ ወረቀት እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሁለት ሦስቱም አብረው ይገባሉ። ደስጣውን መደርደሪያ ላይ አድርጉ፤ የተረፈውን በራሱ ማሸጊያ ጠቅልሉት።

ትሬዩን ከምልክቱ በላይ መሙላትና የጎን መያዣዎቹን ሳያስጠጉ መተው የታወቁ ናቸው፤ እነሱን አልዘረዝርም።

«ፕሪንት»ን ደጋግሞ መጫን። ወረቀቱ ሲወጣ አንዷ ደብዳቤ ስምንት ሆና ትመጣለች፤ ወረፋውን ከኮምፒውተሩ ሰርዙ። በኅትመት መሀል መብራት ከጠፋም ማብሪያውን አጥፉና የቆመውን ወረቀት አውጡ። ፕሪንተሩን ከትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ጋር አታገናኙት፤ ፊውዘሩ ሲሞቅ የሚስበውን ኃይል አይችልም።

ሮለሩን መርሳት። ሁልጊዜ ገና ከትሬዩ ሲነሳ የሚያዝ ከሆነ፣ ወረቀቱን መለዋወጥ ከንቱ ድካም ነው። ወረቀት የሚያነሳው ጎማ አቧራ ይዞ ወይም አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ፕሪንተሩን ነቅላችሁ በውሃ በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ። ካልተሻለው ይቀየር፤ ከፊውዘር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ቀላል ነው። ጠጋኝ ከጠራችሁ «ጃም ያደርጋል» ብቻ አትበሉት። ወረቀቱ የሚቆመው ትሬዩ ጋ፣ ቶነሩ ስር ወይስ መውጫው ላይ እንደሆነ ንገሩት፤ የትኛውን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።