ዌብ ገጽ ላይ ሂሳብ አስገብታችሁ እምቢ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ይሄ ጂኦጀብራ፣ ማትጃክስ፣ ኬቴክ፣ ጄኤስኤክስግራፍ ምናምን ተራ ገጽ ላይ ለምታስገቡ ነው፣ አስተማሪም ሁኑ ዌብ ሰሪ፤ ማትጃክስና ኬቴክ ፎርሙላ አሳምረው የሚያወጡ፣ ጂኦጀብራና ጄኤስኤክስግራፍ ደግሞ ግራፍ የሚስሉ መሳሪያዎች ናቸው። ሰው ሁሉ "ኮዱ ልክ ነው ግን አይሰራም" ይላል፣ ልክም ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛው ጣጣ ሂሳቡ ላይ ሳይሆን ኮዱ ብራውዘሩ ጋ እስኪደርስ መሃል ላይ ነው፤ ኤዲተሩ ይቆርጠዋል፣ ጃቫስክሪፕት ይቀይረዋል፣ ወይ ከሰዓቱ ቀድሞ ይነሳል። ስለዚ ምንም ሳትነካኩ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12 ተጫኑና ኮንሶል የሚለውን እዩ። ቀይ ጽሁፍ ካለ እሱን ሳታነቡ ሌላ ነገር አትሞክሩ በናታችሁ።

ፎርሙላው ሳይቀየር ከነዶላሩ ከነባክስላሹ ይታያል

በጣም የተለመደው ምክንያት የዶላር ምልክት ነው። ማትጃክስ ሁለት ዶላር ($$) እና \( … \) ያውቃል፣ አንድ ዶላር ($) ግን እናንተ ካላዘዛችሁት አያይም። ሆን ተብሎ ነው፣ አለበለዚያ "ይሄ 5$ ነው ያኛው 10$" ብላችሁ ብትጽፉ መሃል ያለውን ሁሉ ፎርሙላ ያደርግባችኋል። ወይ \( … \) ተጠቀሙ ወይ ኮንፊጉ (ማስተካከያ ኮዱ) ላይ አንዷን ዶላር ጨምሩ፣ ኮንፊጉ ደግሞ ማትጃክስን ከሚጠራው ስክሪፕት በላይ መሆን አለበት፣ ከታች ከሆነ አይሰማችሁም።

ሌላው ከድሮ ቱቶሪያል ኮፒ የተደረገ ኮድ ነው። የማትጃክስ የራሱ ሲዲኤን (ፋይሉን በኢንተርኔት የሚያቀርበው ሰርቨር) በ2017 ኤፕሪል ላይ ቆሟል፣ አድራሻውን ቀይሩት። የስሪት 2 ኮንፊግም ስሪት 3 ላይ እንዳለ አይሰራም፣ "ማትጃክስ ሃብ" የሚል ነገር ኮዳችሁ ውስጥ ካያችሁ የድሮው ነው።

ገጹ ሲከፈት ይሰራል ግን "ቀጣይ ጥያቄ" ሲጫኑ አዲሱ ጥያቄ ጥሬውን ከመጣ፣ ማትጃክስ ገጹን የሚቃኘው ሲከፈት አንዴ ብቻ ስለሆነ ነው። ጥያቄውን ካስገባችሁ በኋላ ታይፕሴት ፕሮሚስ የሚለውን ፈንክሽን ጥሩት። ኬቴክ ደግሞ ጭራሽ ገጹን በራሱ አይቃኝም፣ ኦቶ ሬንደር የሚባለው ተጨማሪ ፋይል ካልገባ ዝም ነው።

ፎርሙላው ይወጣል ግን ፊደል ጎድሎታል

ይሄኛው ያሳብዳል። ገጹ ላይ በእጅ የጻፋችሁት ይሰራል፣ ያንኑ ጃቫስክሪፕት ውስጥ በጥቅስ ስታደርጉት ይበላሻል። ጃቫስክሪፕት ባክስላሽን የራሱ ምልክት አድርጎ ነው የሚያነበው፦ ባክስላሽና ቲ ታብ ነው፣ ባክስላሽና ኤን አዲስ መስመር፣ ባክስላሽና ኤፍ ደግሞ የማይታይ የገጽ መቀየሪያ። እናም የቴታ ትዕዛዝ (\theta) ቲዋ ተበልታ "ሄታ" (heta) ትሆናለች፣ የክፍልፋዩ "ፍራክ" (\frac) ደግሞ "ራክ" (rac) ብቻ ይቀራል። መፍትሄው እያንዳንዷን ባክስላሽ ሁለት ማድረግ ነው፣ \\ ማለት ነው፣ ወይም ስትሪንግ ሮው የሚባለውን ከባክቲክ (`) ጋር መጠቀም።

ጥቅስ ውስጥ ሳይሆን ማርክዳውን (ጽሁፍን በቀላል ምልክቶች ማስዋቢያ) ላይ ከጻፋችሁ ደሞ ተጠያቂዋ አንደርስኮር ናት፣ ሁለት አንደርስኮር ሲያገኝ መሃሉን ያጋድለዋል። "ያንሳል" የምትለዋን ምልክት (<) ከፊደል ጋር ስታጣብቋት ደግሞ ብራውዘሩ አዲስ ታግ የተከፈተ ይመስለውና የቀረውን ይውጠዋል፣ ግራና ቀኟ ክፍተት ስጧት አለቀ።

ፎርሙላው ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል

ኬቴክ ነው፣ ሲኤስኤስ ፋይሉ (መልኩን የሚወስነው) አልገባም። ኬቴክ ለስክሪን ሪደር (ለማያዩ ሰዎች ገጹን ለሚያነበው) ብሎ የተደበቀ ኮፒ ያስቀምጣል፣ የሚደብቀው ሲኤስኤሱ ነው።

ግራፉ የሚመጣበት ቦታ ባዶ ነው

ኮንሶል ላይ ምንም ቀይ ከሌለ መጀመሪያ ከፍታውን ጠርጥሩ። ዲቭ (ግራፉ የሚገባበት የገጹ ሳጥን) ውስጡ ምንም ከሌለ ከፍታው ዜሮ ነው፣ ጄኤስኤክስግራፍ ደግሞ ዲቩ በሰጠው መጠን ነው የሚስለው፣ ስለዚ ስሏል ግን ዜሮ ፒክስል ላይ ነው። ስፋትና ከፍታ በሲኤስኤስ ስጡት፣ ለምሳሌ 500 በ 400 ፒክስል።

ከፍታ ሰጥታችሁም ባዶ ከሆነ ግራፉ ታብ ወይም "መልሱን አሳይ" የሚል ተጣጣፊ ሳጥን ውስጥ ነው ወይ? ገጹ ሲከፈት ሳጥኑ በዲስፕሌይ ነን ከተደበቀ ብራውዘሩ መጠኑን ዜሮ ነው የሚለው፣ ተማሪው ሲከፍተው ወይ ባዶ ነው ወይ ጥግ ላይ የተጨማደደ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚ ጋ ሰከንድ የሚያዘገይ ታይመር ያስገባል፣ እኔ አልወደውም፣ ተማሪው መቼ እንደሚከፍተው በምን ታውቃላችሁ? ግራፉን ሳጥኑ ሲከፈት ብቻ ፍጠሩት፣ ወይም ተፈጥሮ ከሆነ ያኔ መጠኑን አስተካክል በሉት፣ ዴስሞስ የሚባለው ግራፍ ሰሪ ላይ ለዚሁ ሪሳይዝ የሚባል ፈንክሽን አለ።

ኮንሶሉ ቀይ ከሆነና "ነል" የሚል ነገር ካለው ደግሞ ስክሪፕቱ ከዲቩ በላይ ስለተጻፈ ሲነሳ ዲቩ ገና አልተፈጠረም፣ ወደ ታች አውርዱት። የዲቩን ስም (አይዲውን) ኮዱ ውስጥ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ኮዱ በወርድ ፋይል ወይ በቻት ተልኮላችሁ ከሆነ ጥቅሶቹን እዩ፣ ቀጥ ያለችው ጥቅስ (") ወደ ተጠማዘዘችው (“ ”) ተቀይራ ይሆናል፣ ለአይን አንድ ናቸው ለብራውዘር ግን አይደሉም።

ግራፉ መጥቶ ክቡ እንቁላል ከመሰለ ኪፕ አስፔክት ሬሾ የሚለውን አብሩት። ባውንዲንግ ቦክስ (ግራፉ ከየት እስከ የት እንደሚታይ የሚወስነው) ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች ነው፣ እዚ ጋ የማይሳሳት የለም።

ልክ የሆነውን መልስ ስህተት ይለዋል

ተማሪው 0.3 ብሎ ይጽፋል፣ ገጹ "ተሳስተሃል" ይላል። ኮዱ 0.1 ሲደመር 0.2 እያሰላ ከሆነ ለጃቫስክሪፕት ውጤቱ 0.30000000000000004 ነው፣ 0.1 በባይነሪ እንቅጩን ስለማይጻፍ። "እኩል ነው ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ልዩነታቸው ከ0.000001 ያንሳል ወይ በሉ። ሌላው ደግሞ ከመጻፊያ ሳጥን የሚመጣ ሁሉ ጽሁፍ እንጂ ቁጥር አይደለም፣ 3 እና 1 ሲደመር 31 የሚሰጠው ለዚ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ቀይሩት። እሱም ላይ ተማሪው 1,000 ብሎ በኮማ ከጻፈ ፓርስ ፍሎት ኮማው ጋ ቆሞ 1 ብቻ ይወስዳል፣ ስለዚ ኮማውን ቀድማችሁ አውጡ።

የራሳችሁ ቁልፍ ጂኦጀብራውን አያዝም

ጂኦጀብራ ከባድ ነው፣ ሎድ አድርጎ ሳይጨርስ ስላይደሩን 2 አድርግ ብትሉት የሚሰማ የለም። ትዕዛዛችሁን አፕሌት ኦን ሎድ የሚለው ፓራሜትር ውስጥ አስገቡት፣ ቁልፉንም እስከዛ ድረስ ዝጉት፣ ትዕግስት የሌለው ተማሪ አይጠፋም።

ስልክ ላይ ገጹ አልወርድ ይላል

ጣት ግራፉ ላይ ሲያርፍ ግራፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ገጹ አይወርድም። ጂኦጀብራ ላይ ፕሌይ በተን የሚባለውን አብሩ፣ ተማሪው ካልነካው ምስል ብቻ ነው የሚሆነው፣ ገጹም ቶሎ ይከፈታል። ከግራፉ ግራና ቀኝም ለአውራ ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉ። ስፋቱን 800 ብላችሁ ከቸነከራችሁት ደግሞ ከስክሪኑ ይወጣል፣ አይፍሬም (ሌላ ገጽ የሚያሳይ ሳጥን) ከሆነ 100% በሉት።

ሴቭ ሳደርግ አይፍሬሙ ይጠፋል

ዎርድፕሬስ ላይ ከሆነ አካውንታችሁ ኦተር (ጸሃፊ) ብቻ ሆኖ ነው፣ ለደህንነት ሲባል ይቆርጠዋል፣ ኤዲተር ወይ አድሚን በከስተም ኤችቲኤምኤል ብሎክ ያስገባላችሁ። ሳይጠፋ ባዶ ሆኖ ከቀረ ደግሞ አድራሻው በኤችቲቲፒ ይጀምር እንደሆን እዩ፣ ገጻችሁ ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ብራውዘሩ አያስገባውም።

የድሮው አፕሌት "ፕለጊን የለም" ይላል

አፕሌቱ (ገጽ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፕሮግራም) ጃቫ ከሆነ አትልፉ፣ ክሮም በ2015 ፋየርፎክስ በ2017 ዘግተውታል፣ ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ሄዷል። የጂኦጀብራ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ካለ ግን አሁን ባለው ጂኦጀብራ ክፈቱትና እንደገና ኢምቤድ አድርጉት።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል

የትምህርት ቤት ላብ ላይ የምታስገቡ ከሆነ ሲዲኤን ላይ አትመኩ። ማትጃክስንም ኬቴክንም አውርዳችሁ ሰርቨራችሁ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ኬቴክ ላይ የፎንት ፎልደሩን አትርሱ። ጂኦጀብራም ማት አፕስ ባንድል የሚባል የሚወርድ ፋይል አለው። ባንድሉን አስቀምጦ ግን ኮድቤዙን (ፋይሎቹ ከየት እንደሚጠሩ የሚነግረውን አድራሻ) አለመቀየር አለ፣ ያኔ ፋይሉ አጠገቡ እያለ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። ፋይሉንም ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ፣ ብራውዘሩ አጠገቡ ያሉ ፋይሎችን እንዳይጠራ ይከለክለዋል፣ በሎካል ሰርቨር ክፈቱት። ስትፈትኑት ዋይፋዩን አጥፉና አዲስ ፕራይቬት ዊንዶው ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ካሽ ውስጥ ያለውን እያሳያችሁ የሚሰራ ይመስላችኋል።