በአሻንጉሊት ላይ ሁሉም ሕፃን ይተነፍሳል፦ የጨቅላ ሕፃናት ሲሙሌሽን ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት የሚድዋይፈሪ ተማሪ ስኪል ላብ (ሲሙሌሽን፣ ማለትም በአሻንጉሊት ላይ የማስመሰል ልምምድ የሚደረግበት ክፍል) ውስጥ የሕፃን አሻንጉሊት ፊት ቆማለች። «አደርቀዋለሁ፣ አሞቀዋለሁ፣ አንገቱን አስተካክላለሁ፣ ካልተነፈሰ በአምቡ ባግ አየር እሰጠዋለሁ» አለችኝ። አምቡ ባግ በእጅ እየተጨመቀ፣ ፊት ላይ በሚገጠም ማስክ በኩል አየር የሚሰጥ ከረጢት ነው። አምስት ሰከንድ አልፈጀባትም። ፎጣው ግን እንደታጠፈ ነው።

«ጎበዝ፣ አሁን በእጅሽ አሳዪኝ» አልኳት። ፎጣውን ስትዘረጋ፣ እርጥቡን በደረቅ ስትቀይር፣ ማስኩ አልገጥም ሲላት፣ የመጀመሪያው አየር ደረቱ ውስጥ ሲገባ ሰዓቴ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይላል። ያልተነፈሰ ሕፃን አየር ማግኘት ያለበት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ነው። «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምትባለው እሷ ናት።

በአፍ ማዋለድ

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይኸው ነው። «እንዳደረቅኩት አስቡት» ሲባል እሺ ብለን እናልፋለን። በቼክሊስቱ ላይም ምልክት እናደርጋለን። ችግሩ፣ በአፍ የተሠራ ነገር ጊዜ አይፈጅም። ተማሪዋ እውነተኛው ክፍል ውስጥ ስትገባ ደቂቃዋ የት እንደሄደች ግራ ይገባታል። የእኔ ደንብ አጭር ነው፦ እጅ ያልነካው አልተሠራም።

ዕቃውን አስተማሪው ደርድሮ መጠበቁም የዚሁ ዘመድ ነው። ባጉ እንደሚሠራ የምታረጋግጠው እሷ ትሁን። ማስኩን በመዳፏ ዘግታ ባጉን ትጭመቀው፣ አየር የሚያመልጥ ከሆነ ያኔውኑ ታየዋለች። እኔ አንዳንዴ ሆን ብዬ የማይሆን መጠን ያለው ማስክ አስቀምጣለሁ። ክፋት ይመስላል፣ ግን ይጠቅማል።

ደረቅና ቀላል ሕፃን

በውሃ የሚሞሉ አሻንጉሊቶች አሉ። ለብ ባለ ውሃ ሲሞሉ ክብደታቸውም፣ እጅና እግራቸው ዝልፍልፍ ማለቱም ከእውነተኛ ሕፃን ጋር ይቀራረባል። ውሃ መሙላት ሰልችቶን በአየር ስንሞላቸው ግን ተማሪው በአንድ እጁ እንደ ኳስ ያነሳቸዋል። ሌላው ደግሞ ደረቅ አሻንጉሊት ማድረቅ ቲያትር ነው። ውሃ አርከፍክፉበት፣ ፎጣው ይርጠብ። እርጥቡን ፎጣ ሳይቀይር የሚቀጥል ተማሪ ስንት እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ። የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን እንዳለበት ሁሉም በቃል ያውቃል። ሙቀቱን የሚሰርቀው ግን ያ እርጥብ ፎጣ ነው።

ውድ ማኔኪን (የመለማመጃ አሻንጉሊት) ግዴታ አይደለም። ማስኩ በደንብ ሲገጥምና አንገቱ ሲስተካከል ብቻ ደረቱ ከፍ የሚል ከሆነ ይበቃል።

ሁልጊዜ ድንገተኛ

አብዛኞቹ ሕፃናት ያለማንም እርዳታ ይተነፍሳሉ። መተንፈስ ለመጀመር የሆነ እርዳታ የሚሹት ከአሥሩ አንድ ገደማ ናቸው። የእኛ ሲሙሌሽን ግን ከአሥሩ አሥሩን ያሳፍናል። ውጤቱን ዋርድ ላይ አይቼዋለሁ፦ እያለቀሰ ያለ ሕፃን አፍ ውስጥ ሳክሽን (ፈሳሽ መምጠጫ) የሚከት ተማሪ።

ስለዚህ የሚያለቅስ ሕፃንም ስጧቸው። ያድርቁት፣ እናቱ ደረት ላይ ያስተኙት፣ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይታገሡ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት እንዲይዝ ያግዙ። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆዩ። ለብዙዎቹ ከባዱ ፈተና እጅን መሰብሰብ ነው።

እናቲቱንም አትርሱ። አንድ ተማሪ እናት ሆና ትተኛና «ልጄ ለምን አያለቅስም?» ትበል። ክፍሉ ወዲያው ይለወጣል።

መልሱን በፊታችን መናገር

የአሻንጉሊቱን ትንፋሽ የምንቆጣጠርበት መጭመቂያ እኛ እጅ ላይ ነው። አንጀታችን አይችልም። ተማሪው ከተጨነቀ ማስኩ በደንብ ባይገጥምም ሕፃኑን እናስተነፍስለታለን። ተማሪውም ይህን ስላወቀ የሚያየው የሕፃኑን ደረት ሳይሆን የእኛን ፊት ነው።

ፊታችሁን ድንጋይ አድርጉት። ደረቱ ካልተነሳ ሕፃኑ አይተንፍስ። ማስኩን መልሶ ያስቀምጥ፣ አንገቱ ወደፊት ታጥፎ ወይም ከልክ በላይ ወደኋላ ተቀልብሶ እንደሆነ ይይ፣ አፉን ትንሽ ይክፈት፣ ጠበቅ አድርጎ ይጭመቅ። ሲጨነቁ ፍጥነቱም አብሮ ያብዳል። በደቂቃ 40 ጊዜ ለመድረስ «አንድ» ሲሉ ጨምቀው፣ «ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ቢለቁ ልኩን ያገኙታል።

አሻንጉሊቱን ለቅጣት «መግደል» ግን አልወድም። ተማሪው ከዚያ የሚይዘው ድንጋጤውን ብቻ ነው።

ከሲሙሌሽኑ በኋላ መገሰጽ

ዲብሪፊንግ የምንለው፣ ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይት፣ ብዙ ጊዜ የስህተት ቆጠራ ነው። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ጓደኞቹ ያዝኑለታል፣ በቃ። እኔም ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። «ለምን ሳክሽን አደረግሽ?» ስል «ይቅርታ ቲቸር» እንጂ ሌላ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ጥያቄውን «ያኔ ምን አየሽ?» ብዬ ስቀይረው አንዷ «አረፋ መስሎኝ ነው፣ ለካ ምራቅ ነው» አለችኝ። እጇን ሳይሆን ዓይኗን ማስተካከል እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው። ሲሙሌሽኑ 5 ደቂቃ ከፈጀ ለወሬው 10 ስጡ። ከጠረጴዛው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

አንድ ቀን ሠልጥኖ ቁምሳጥን መቆለፍ

የእጅ ሙያ በወራት ውስጥ ይዝጋል። ሙሉ ቀን አንዴ ከማሠልጠን በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ማለማመድ ይሻላል። አሻንጉሊቱ ግን ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እረፍት የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ። እኛ አውጥተን ክፍሉ ጥግ ላይ አስቀመጥነው፤ ከአጠገቡ ፎጣ፣ ባግ፣ የግድግዳ ሰዓትና ስም መጻፊያ ወረቀት። አሁን በክፍል መሀል እየመጡ በሰከንድ ይወራረዳሉ። ያቺ 1 ደቂቃ ከ40 የፈጀባት ልጅ ባለፈው 52 ሰከንድ ጽፋለች። ጓደኞቿ ግን ፎጣውን አልቀየረችም ብለው ተከራክረው ሰረዙባት።