የቤተሰብ ፎር ዊል ሲነሳ ጉልበት ቢያጣ፦ ችግሩና መፍትሄው

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ ከፊታችሁ የጫነ ተሳቢ አለ። ትቆማላችሁ፤ እንደገና ትነሳላችሁ። የመኪናችሁ ጉልበት ልክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ቤንዚን ትረግጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን እየተንፏቀቀ ነው። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ ሲኖ ትራክ ከጀርባ እየተጠጋ፣ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ግን አስቀድመን መኪናው የነበረው ጉልበት የት እንደሄደ እንፈልግ ባይ ነኝ። ራቭ ፎርም ይሁን ቪታራ ወይም ቱሳን፣ የቤንዚን ሞተር ካለው አፈላለጉ ተመሳሳይ ነው።

ሁሌም ይከብደዋል፣ ግን ሞተሩ ሰላማዊ ነው

መጀመሪያ ከፍታውን ጠርጥሩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጅባራ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ የሚያቃጥለው ቤንዚንም ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው፣ 150 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 120 ገደማ ቢያወጣ ነው። ቱርቦ ያለው ይህን በአብዛኛው ያካክሳል፤ ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ግን እሱም ይከብደዋል።

መለያው ቀላል ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ እንጅባራ አካባቢ ትንሽ ከከበደው መኪናው ጤነኛ ነው። ባሕር ዳርም ላይ ያው ከሆነ ግን ከፍታውን አትውቀሱ፣ ወደ ታች ማንበብ ቀጥሉ።

ለከፍታ መድኃኒቱ አነዳድ ነው። ማርሽ ቶሎ አትቀይሩ፤ ዳገት ላይ ሞተሩ በደቂቃ እስከ 3,000 ዙር ድረስ ይሂድ። አውቶማቲክ ከሆነ ኦቨርድራይቩን (ለሜዳ የሚሆነውን የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ) አጥፉት፣ ወይም ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዱት። ኤሲ አጥፉ። ፖርቶ መጋላው ላይ የተጫነው ጤፍ ሌላ መኪና ቢያገኝ ይሻላል። ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የመቋቋም ልኩን) ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ግን አትግዙ፤ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ተራ ሞተር የሚፈልገው ኦክቴን እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው።

ስትረግጡት ያመነታል፣ ከዚያ ይሄዳል

አየር ነው። በጋ ላይ የጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል። አውጡና ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ በአዲስ ቀይሩት። አዲስ እስኪገኝ በአየር መንፋት ይቻላል፤ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝግታ። ወረቀቱን በውሃ አትጠቡ። ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት ደግሞ አቧራውን በቀጥታ ለሞተሩ ማብላት ነው።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ካመነታ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው የአየር መለኪያ ሴንሰር ቆሽሾ ይሆናል። የሚጸዳው ለሱ ብቻ በተሠራ ስፕሬይ ነው፤ በጨርቅም በጣትም አይነካም። ከዚያ ትሮትሉ (ቤንዚን ስትረግጡ ለአየሩ የሚከፈተው በር) ይከፈት፤ ዙሪያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ይጽዳ።

ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራርጣል

ካንዴላ ወይም ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ነው። ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብዙ ጭነት ሲሸከም ደካማ እሳት ወዲያው ይጋለጣል። ካንዴላዎቹን አስወጡና እያንዳንዱን እዩ፤ ክፍተታቸው በመኪናው መመሪያ ላይ ባለው ልክ ይሁን። ጥፋተኛዋን ቦቢና ለማግኘት ከሌላ ሲሊንደር ጋር አቀያይሩ። ችግሩ አብሯት ከሄደ ተገኘች።

የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ዳገቱን አትግፉበት። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን) ያቃጥለዋል። ዋጋው ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለ ጥርጥር የለውም። ዲስኩ፣ ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ቢቀየሩ ይመከራል፤ ለአንዱ ብቻ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ማስወረድ ኪሳራ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ የካምቢዮው ዘይት መጠኑና ቀለሙ ይታይ።

መጀመሪያ ደህና ነው፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ይዝላል

ነዳጅ አልደረሰውም። የነዳጅ ፊልትሮው ተደፍኖ ወይም ፓምፑ ደክሞ ይሆናል። መካኒኩ ግፊቱን በጌጅ ይለካ እንጂ በግምት ፓምፕ አይቀይር። ነዳጅ ጠፍቶ መንገድ ዳር ከጄሪካን ከቀዳችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ውሃ ወይም ላምባ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠርጥሩ፤ ታንከሩ ተራግፎ ይታጠብ። ታንከሩን ሁልጊዜ ወደ ባዶ እያስጠጉ መንዳትም ጥሩ አይደለም፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ያው ቤንዚኑ ነው።

ፎር ዊል ስለሆነ የሚመጣው ጣጣ

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ይህ ነው። አራት ጎማ የሚገፋ መኪና ተጨማሪ ዘንግ፣ ተጨማሪ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል)፣ ተጨማሪ ክብደት አለው። አንዷ ነገር ከተዛባች ጉልበቱ እዚያው መሐል ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ጎማውን እዩ። ለገጠር መንገድ ከፍ እንዲል ብሎ ትልቅ ጎማ ማስገባት እኛ ጋ የተለመደ ነው። 215/70 አር 16 የነበረውን በ225/75 አር 16 ብትተኩት ቁመቱ 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁሉም ማርሽ በዚያው ልክ ከበደ ማለት ነው። አንደኛ ማርሽ ላይ ሲነሳ የደከመው ለዚህ ነው። ቆጣሪውም ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያነባል። ወደ ዋናው ልክ መመለስ ብቻውን የጠፋውን ጉልበት ሊመልስ ይችላል።

ሁለት አዲስ ጎማ ፊት፣ ሁለት ያለቀ ኋላ ማድረግ ደግሞ ሌላው በሽታ ነው። ዙራቸው ስለማይመሳሰል የፊትና የኋላ ዘንጎች እኩል አይዞሩም፤ መሐል ያለው፣ ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው መጋጠሚያ ያለማቋረጥ ይፋጫል፣ ይግላል። አራቱም አንድ ልክ፣ አንድ ዓይነት፣ ተቀራራቢ ጥርስ ያላቸው ይሁኑ።

በማርሽ ወይም በቁልፍ ፎር ዊል የሚገባላቸው የቆዩ ቪታራዎች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ጭቃ ላይ አስገብታችሁ አስፋልት ላይ ካላወጣችሁት መኪናው ታስሮ ይሄዳል፤ ጥምዝ ላይ ሲያንገራግር ይሰማችኋል።

የያዘ ፍሬን ስትፈልጉም ልዩነት አለ። በሌላ መኪና አንድ ጎማ በክሪክ አንስቶ ማዞር ይበቃል። ሁልጊዜ በአራቱም በሚገፋ መኪና ግን አንድ ጎማ ብቻ ሲነሳ ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖም ሊከብድ ይችላል፤ መሐል ያለው መጋጠሚያ ይይዘዋልና። አራቱንም አንሱ። ካልሆነ ትንሽ ነድታችሁ፣ ፍሬን ሳታበዙ ቁሙና፣ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። ከሌሎቹ በግልጽ የሚፋጀው ፍሬኑ ይዟል። ካሊፐሩ ይፈታ፣ ይጽዳ፣ ይቀባ።

የዲፈረንሻልና የማከፋፈያው (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) ዘይት መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ አሁን አስቀይሩ፤ ዓይነቱ መመሪያው የሚለው ይሁን።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም አነሰኝ ካላችሁ

ሰፊ ማርሚታ አታስገጥሙ። ድምፁ ይጨምራል፤ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የታችኛው ዙር ጉልበት እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ዲፈረንሻሉን አጭር ጥርስ ባለው (ጎማውን በዝግታ ግን በበለጠ ጉልበት በሚያዞር) መለወጥ በርግጥ ይሠራል፤ ግን ፎር ዊል ላይ የፊቱና የኋላው አብረው፣ በአንድ ልክ መለወጥ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተለወጠ መሐል ያለው መጋጠሚያ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። ሁለቱን ለመለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ለቤተሰብ መኪና አያዋጣም። በዚያ ገንዘብ አራት ልከኛ ጎማ፣ ካንዴላና ፊልትሮ ግዙ።