ወሬው ሲሰማ የሥራ ልምዱን ጠይቁ

ድሬ ላይ በኮንትራት የምትሠሩ የአይቲ ልጆች፣ «ቅነሳ አለ» የሚለው ወሬ ከዚራ ሰፈር ሻይ ቤት ከደረሰ የስንብት ደብዳቤ አትጠብቁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ቅጥር ከሆናችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ ሳይቋረጥም በጠየቃችሁ ጊዜ በነፃ ሊሰጣችሁ ይገባል። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ መጻፉን እዩ። «የአይቲ ባለሙያ» ብለው ብቻ እንዳይሸኟችሁ፤ ኔትወርክ የዘረጋ ሰው ኔትወርክ መዘርጋቱ ይጻፍለት።

ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የሰጣችሁን ሲም ካርድ አትርሱ። ቴሌግራማችሁ ወይ ባንካችሁ በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ከተከፈተ ወደ ግላችሁ ቀይሩት። ሲሙን ካስረከባችሁ በኋላ የማረጋገጫ ኮዱ የሚገባው እነሱ ጋ ነው። የድርጅቱን ፋይል ግን እንዳትገለብጡ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።